ስሊቭ ከተሠራሁ 8 ወር ሆነኝ፤ የምበላው ትንሽ ነው፣ ሚዛኑ ግን ቆሟል

ደሴዋ_እናት | ጥር 3፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ የሌላውን ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ጨክኜ ልጽፍ ነው።

ዕድሜዬ 43 ነው። ደሴ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ስሊቭ የሚባለው። ስገባ 128 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው። ስኳር ጀምሮኛል፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ከፒያሳ ቤቴ እስክደርስ ሦስት ቦታ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ተአምር ነበሩ። ኅዳር ሲገባ 91 ኪሎ ደረስኩ። ስኳሬ ወረደ፣ ሐኪሙም የግፊት መድኃኒቴን ቀነሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ቆመ። ከገና ማግስት ስመዘን ደግሞ 93 አለኝ። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የምበላው ይህ ነው፦ ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ምሳ ሩብ እንጀራ በምስር ወይ በትንሽ ሥጋ፣ ማታ እርጎ። ከዚህ በታች ምን ልብላ? ጨጓራዬ ተመልሶ ሰፍቶ ይሆን? ፀጉሬም ነጠላዬ ላይ እየረገፈ ነው።

ሌላው ደግሞ መሠራቴን ከባለቤቴና ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። የቅሬው (የእድራችን) ሴቶች «ምን ነካት? ታማ ነው?» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። አንዷማ ፀበል ልውሰድሽ ብላኛለች። ዝም እላለሁ። ያ ሁሉ ብር፣ ያ ሁሉ ሕመም መና ሊቀር ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ነርስ_ነኝ | ጥር 3፣ ከምሽቱ 4፡25

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። የምሠራው ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ያንቺ ሐኪም ግን እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምልሽን ሐኪምሽን ለመጠየቂያ ያዥው።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ከ128 ወደ 91 ወርደሽ ከነበረ ከትርፍ ክብደትሽ ግማሹን አልፈሽ ጥለሻል። ስሊቭ የተሠሩ ብዙ ሰዎች የሚደርሱበት እዚህ ነው። ኪሎ በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል፣ ግን እስከ 12 እና 18 ወር ቀስ እያለ ይቀጥላል። ሰውነት ሲከሳ የሚያቃጥለውም አብሮ ይቀንሳል። 128 ኪሎ ይዞ የደሴን ዳገት የሚወጣና 91 ኪሎ ይዞ የሚወጣ እኩል አያቃጥሉም። ስለዚህ ሚዛን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆም የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሁለት ወር መቆሙና መጨመሩ ግን ይፈተሻል። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ከረጢት ነው። ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚሠራው ደግሞ ያ የተቆረጠው ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ራሱ የጠፋብሽ ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ በይ፦ ያ ጠባብ ከረጢት የሚገድበው ጠጣሩን ምግብ ነው። ሥጋና ምስር ይሞላዋል። ፈሳሽና አፍ ላይ የሚሟሟ ነገር ግን ሳይሞላው ያልፋል።

አንቺ የጻፍሽልን ሳህንሽ ላይ ያለውን ነው። እኔ የምጠይቅሽ ከሳህኑ ውጭ ያለውን ነው። ቡና ስንት ጊዜ? ስንት ስኒ? በስንት ማንኪያ ስኳር? ከቡናው ጋር ምን ይቀርባል? አጥሚት አለ? አንድ ሳምንት ሙሉ አፍሽ የገባውን ሁሉ ጻፊ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎም ቢሆን።

ፀጉሩን በተመለከተ፣ ከቀዶ ጥገናና ከፈጣን መክሳት በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር አካባቢ መርገፉ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል። አሁንም ካላቆመ ብረትሽን፣ ቢ12ሽንና የምታገኚውን ፕሮቲን ይዩልሽ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፤ ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት ግማሹንም አታገኚም።

ሐረጎ_ቁልቁል | ጥር 4፣ ከጠዋቱ 1፡15

እህት ዓለም፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ከተሠራሁ 3 ዓመት አልፎኛል፣ ቱርክ ሄጄ ነው የተሠራሁት። 61 ኪሎ ቀንሼ 14ቱን መልሼ አምጥቻለሁ። አንቺ 2 ኪሎ ላይ መንቃትሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የነቃሁት ሱሪዬ አልዘጋ ሲለኝ ነው።

እንዴት እንደመጣብኝ ልንገርሽ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ጣፋጭ ሲበዛበት ዳምፒንግ የሚሉት ይይዘዋል፦ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቼ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናዬን ዳር አስይዤ መሪው ላይ ተደፍቼ ቆይቻለሁ። ለአንድ ዓመት ጣፋጭ ነገር በአፌ አልዞረም። ቀስ በቀስ ግን ሰውነቴ ለመደው፣ እኔም ለመድኩት። ጫት ስይዝ ለስላሳውን በአንዴ ሳይሆን በሦስት ሰዓት ስጠጣው አላመመኝም። ኦቾሎኒውም አጠገቡ ነው። ጫቱ የምግብ ፍላጎቴን ይዘጋዋል፣ ምሳ ይቀራል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ዳቦ በማር። ማንም ሰው ሳህን ሙሉ ሲበላ አላየኝም፣ እኔም ራሴን አላየሁም።

ነርሷ የጠየቀችሽን በእውነት መልሺ። መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ጤና_በተፈጥሮ | ጥር 4፣ ከረፋዱ 4፡30

እህቴ ሰናመኪና ዝንጅብል አፍልተሽ በባዶ ሆድ ጠጪ፣ በሁለት ሳምንት 5 ኪሎ ትጥያለሽ። ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ።

ነርስ_ነኝ | ጥር 4፣ ከቀኑ 7፡05

ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንደጻፍክ ይገባኛል፤ ግን እባክህ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አትስጥ። ሰናመኪ ያስቀምጣል። ሚዛኑን የሚያወርደው ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም። የተሠራ ሰው በትንሽ በትንሹ ስለሚጠጣ ውኃ ቶሎ ያጥረዋል፤ ከላዩ ተቅማጥ ሲጨመርበት ጨውና ፖታሲየሙም ይሄዳል። ደሴዋ፣ እንዳትነኪው።

ባቲ_ሰኞ | ጥር 5፣ ከምሽቱ 2፡20

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አብሽሪ እህቴ! እኔም ስሊቭ ነኝ፣ ባቲ ነው የምኖረው፣ 14 ወሬ ነው። 8ኛው ወር ላይ ልክ እንዳንቺ ቆሞብኝ አልቅሻለሁ።

የኔን ነገር ያወቀችው ልጄ ናት። እኛ ቤት ቡና በቀን ሦስቴ ነው የሚፈላው፤ የጠዋቱ፣ የአሱሩ፣ የማታው። ዱዓ ካለ ደግሞ ይጨምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁሉም በስኳር። ልጄ አንድ ቀን እየሣቀች «እማ፣ ፍንጃሉን ላንቺ ልቁጠርልሽ?» አለችኝና ስትቆጥር ዘጠኝ ሞላ። ሁለት ሁለት ማንኪያ ቢሆን 18 ማንኪያ ስኳር ነው። አንዷ የሻይ ማንኪያ ልሙጧ 4 ግራም ትይዛለች፤ 72 ግራም፣ ወደ 290 ካሎሪ። ያውም ማንኪያው ልሙጥ ከሆነ፤ የኔ ክምር ነበር። ወላሂ ምሳዬ እንኳ ያን አያክልም ነበር።

ቡናውን አልተውኩም፣ ቡና ትቼ የት እኖራለሁ? ስኳሩን ነው የተውኩት። ሁለት ሳምንት መረረኝ፣ ከዚያ የቡናው ጣዕም ራሱ መጣልኝ። አሁን ስኳር ያለበት ሲሰጡኝ ነው የሚከብደኝ።

እውነቱን_እናውራ | ጥር 5፣ ከምሽቱ 4፡00

ይቅርታ አድርጉልኝና መብላት ለመቀነስ ሆድ መቀደድ ለምን አስፈለገ? አያቶቻችን እየጾሙና እየሠሩ ነው የኖሩት።

ሐረጎ_ቁልቁል | ጥር 5፣ ከምሽቱ 4፡35

ወንድሜ፣ እኔ ከመሠራቴ በፊት 11 ዓመት ሞክሬያለሁ። 20 ኪሎ ቀንሼ 25 ጨምሬያለሁ፣ እንደገና 15 ቀንሼ 20 ጨምሬያለሁ። ሰውነት የከሳውን ሊመልስ ረሃብ እንደሚለቅ እኔ በራሴ ላይ አይቻለሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር የማድረው፤ ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጥ ነበር። ቀዶ ጥገናው ሥራዬን አልሠራልኝም፣ ሥራዬን እንድችለው ነው ያደረገኝ። እዚህ የመጣችው ሴት ፈርታ ነው የመጣችው፤ አናስፈራራት።

ወልድያ_ወንድም | ጥር 7፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። እህቴ ስሊቭ ከተሠራች 2 ወር ከ10 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስመልሳታል፣ ውኃም አይረጋላትም። «የተለመደ ነው» ይሉናል። ሰሞኑን ደግሞ እግሬን ደነዘዘኝ ትላለች፣ ስትሄድም ትንገዳገዳለች። ምን ይሻላል?

ነርስ_ነኝ | ጥር 7፣ ከጠዋቱ 3፡22

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ዛሬውኑ። ሳምንታት የቆየ ትውከትና መደንዘዝ፣ መንገዳገድ የተለመደ አይደለም። ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ አልቆባት ሊሆን ይችላል። ሰውነት ብዙ አያስቀምጠውም፣ በሳምንታት ነው የሚያልቀው። ሲያልቅ ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል፣ ከዘገየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ስትደርሱ ሦስት ነገር ተናገር፦ የጨጓራ ቀዶ ጥገና እንዳላት፣ ስንት ሳምንት እንዳስመለሳትና እግሯ መደንዘዙን። ግሉኮስ ሊሰቀልላት ከሆነ ቲያሚኑ መቅደም እንዳለበት ጠይቅ። ሳታፍር ጠይቅ። የጨጓራዋ መውጫ ጠብቦባት እንደሆነም ያዩታል።

ወልድያ_ወንድም | ጥር 7፣ ከምሽቱ 1፡50

አስተኝተዋታል። ያልሽውን ሁሉ ተናገርኩ፣ መርፌው ተጀምሮላታል። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሌላ ቃል የለኝም።

ደሴዋ_እናት | ጥር 10፣ ከምሽቱ 4፡15

መጀመሪያ የወልድያው ወንድሜ፣ እህትህን እመቤቴ ትማርልህ። እንዴት እንዳለች አሳውቀን።

ሳምንቱን ጻፍኩት። የሱቄ የዱቤ ደብተር ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት፣ ማንም እንዳያየው። እውነቱን ልንገራችሁ።

ቡና፣ በቀን ሁለቴ። አንዱ ሱቅ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር፣ አንዱ ቤት። ሦስት ሦስት ስኒ፣ በሁለት ሁለት ማንኪያ። ባቲዋ እህቴ እንዳስላችው ሳሰላው 12 ማንኪያ ሆነ። ከቡናው ጋር ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ እሑድ ለት ዳቦ። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ደንበኛ ሳስተናግድ ቀኑ ያልቃል፤ ምሳ ላይ «ጠግቤያለሁ» የምለው ለካ በሱ ነው። ሐሙስ ዕለት መዳፌ የያዘውን በሱቁ ሚዛን ብመዝነው 40 ግራም ሆነ። በቀን ሦስቴና አራቴ ነው የምዘግነው።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ነው። ዋናው አጥሚቱ ነው።

እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ከሆስፒታል ስመለስ ፈሳሽ ብቻ ስለነበር የምወስደው አጥሚት ማፍላት ጀመረች። እኔም ከፈሳሽ ወጣሁ፣ እሷ ግን አላቆመችም። ሁልጊዜ ማታ ልጆቹ ሲተኙ በእጇ ይዛ ትመጣለች። በትልቁ ብርጭቆ ነው፣ ከላይ ቅቤው ቢጫ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፋል፣ ማሩን ከሥር ታማስለዋለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉንጬን በአውራ ጣቷ ዳሰስ ታደርግና «ጎድጉዷል፣ ልጄን አጠፉብኝ፤ በሞቴ ይቺን ብቻ» ትለኛለች። እናቴ በ77 ረሃቡን ያየች ሴት ናት። ልጅ ሲከሳ ለሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? እጠጣዋለሁ። ስለማይሞላኝም ምግብ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም።

ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ቤት አምስት ሰው ሊያጎርሰኝ ተነሣ። ሁለተኛውን ጉርሻ እምቢ ብል «ጠብ ይሆናል» አሉኝ። መሠራቴን ስለማያውቁ ለምን እምቢ እንዳልኩ ማስረዳት አልቻልኩም። ሦስተኛው ላይ ደረቴ ተያዘ፤ ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩ። አንዲት ሴት አይታኝ «ጸንሳለች» ብላ አወራች።

ነርስ_ነኝ | ጥር 10፣ ከምሽቱ 5፡05

እህቴ፣ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጨጓራሽ አልሰፋም ብዬ ነው የማስበው፤ ሠርግ ቤት ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እንደዚያ መሆንሽ ገዳቢው እንዳለ ያሳያል። ሐኪምሽ ያረጋግጥልሽ።

የገብስ ቆሎ 100 ግራሙ ወደ 350 ካሎሪ አለው፤ 40 ግራሙን በቀን ሦስቴ ከዘገንሽ 400 ካሎሪ አለፈሽ። አጥሚቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ወደ 120 ነው፣ ማሩና እህሉ ሳይቆጠር። ቡናው ወደ 190። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመር የቆመው ሚዛንሽ ቋንቋ አገኘ።

ቆሎ ክፉ ምግብ ሆኖ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መቆርጠሙ ነው ችግሩ፤ ጨጓራው እያራገፈ ይቀበላል፣ ለፕሮቲኑም ቦታ አይተውም። ሦስት ምግብ፣ ካስፈለገ አንድ መክሰስ፣ በሰዓቱ። መጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ እንጀራው መጨረሻ። ከምግብ ጋር ውኃ አይጠጣም፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በቀረው ሰዓት ግን እስከ ሊትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ቀስ እያልሽ ጠጪ።

ሌላ ያልነገርሽን ነገር አለ፤ የብረት ኪኒንሽን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጅው? ከቡናው ጋር ከሆነ ቡናና ሻይ ብረቱ እንዳይገባ ይይዙታል። ካልሲየሙንም ከብረቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ቫይታሚኖቹ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ ኪሎው ወረደ ተብሎ አይተዉም።

ሐረጎ_ቁልቁል | ጥር 11፣ ከጠዋቱ 2፡00

እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ፣ ለምታከብሩ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ንገሪያቸው። እኔም ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ። ስደብቅ ጓደኞቼ ጋብዘውኝ «አልበላም» ማለት ስለማልችል በላሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ብቻዬን በላሁ። ወገቤን ሲያመኝ አንዱ ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ሰጠኝ፣ መሠራቴን መናገር አፍሬ ዋጥኩት፤ በሁለት ወሩ ጥቁር ሰገራ አየሁ። ቁስለት ነበር። ባይፓስ ያለው ሰው ያን መድኃኒት ሊርቀው እንደሚገባ ነግረውኝ ነበር እኮ። ማፈሬ ሊገድለኝ ነበር።

ሁሉም ሰው ይወቅ አላልኩም። ቡና የምትጠጪባቸው ሁለት ሦስቱ ይወቁ።

ባቲ_ሰኞ | ጥር 11፣ ከቀኑ 8፡40

እውነቱን ነው። እኔ ለቡና ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ «እኛ ደግሞ ሳንባ ነው ብለን ዱዓ ስናደርግልሽ ነበር» አለችኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ ወዲህ የኔ ፍንጃል ሲቀዳ ስኳሩ ያልፈኛል፣ ማንም ምንም አይልም። ወሎ ውስጥ ሰው የሚጨንቀው ሳያጎርስ መቅረቱ ነው። ምክንያቱን ካወቀ እሱ ራሱ ይጠብቅሻል።

ለእናትሽም ሥራ ስጫት። አታቁሚ አትበያት፣ ሌላ ነገር ሥሪልኝ በያት።

አንድ ጥያቄ ለነርሷ፦ ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተያይዘው ነው የሚገቡት። አምና አልጾምኩም፣ ሐኪሙ ከልክሎኝ። ዘንድሮ ልጹም?

ነርስ_ነኝ | ጥር 11፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህን ሐኪምሽ ደምሽን አይቶ ነው የሚወስነው። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳይጾም ይመክራሉ። ፈቃድ ካገኘሽ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለው ሰዓት ውኃ በትንሽ በትንሹ የምትጠጪበት ነው። በአንዴ አትጋቱ። ኢፍጣሩ በሾርባና በፕሮቲን ይጀመር፤ ሳምቡሳና ጣፋጭ አይቅደም። ሽንት ከጠቆረ፣ ራስ ከዞረ ማፍጠር ነው። ለታመመ ሰው ሃይማኖታችሁም ይፈቅዳል።

የሐይቅ_ጎረቤት | ጥር 12፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐይቅ ነው የምኖረው፣ ሽማግሌ ነኝ፤ የተሠራችው ምራቴ ናት። ይህን ሁሉ ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ የሚጽፍልኝም እሱ ነው።

ደሴ ያለሽው ልጄ፣ ለሁዳዴው የንስሐ አባትሽን ቀርበሽ አማክሪ። ምራቴ ስትጠይቅ አባታችን «ሐኪም ያዘዘሽን እየበላሽ በጸሎት ጹሚ» አሏት። እሷ ግን ረቡዕና ዓርብን መጾም ስለወደደች ሐኪሟ ፈቅዶላት ጾሙን በምስር፣ በሽንብራ ንፍሮ፣ በአኩሪ አተር ታሟላዋለች። ምስሩ ቀጠን ተደርጎ፣ ዘይቱ ሳይበዛ፣ በማንኪያ ነው የምትበላው፤ እንጀራው ጥግ ላይ ነው። ጾም ሲባል ዳቦና ሻይ ብቻ ከሆነ ጉልበት ያሳጣል፣ ኪሎም ይመልሳል። እኛም አይተነዋል።

ዓሣም አለ። ከሐይቃችን የሚወጣው ቆሮሶ በፍም ተጠብሶ፣ በሎሚና በቃሪያ፣ ለእንዲህ ዓይነት ጨጓራ የተሠራ ይመስላል። ለስላሳ ነው፣ አይከብድም። ከደሴ እዚህ ሩቅ አይደለም፤ ኑ፣ እንቀበላችኋለን።

ነርስ_ነኝ | ጥር 12፣ ከረፋዱ 4፡15

አባባ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አንቱ ያሉት ልክ ነው። የተጠበሰ ቆሮሶ 100 ግራሙ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የተቀቀለ ምስር 100 ግራሙ 9 ግራም። አጥንቱን ብቻ አጥርተው ይስጧት።

ወልድያ_ወንድም | ጥር 16፣ ከቀኑ 9፡30

እህቴ ትናንት ወጣች። ውኃ ይረጋላታል፣ እርጎም ጀምራለች። እግሯ ገና ትንሽ ይደነዝዛታል፣ ክትትል አላት። ሁላችሁንም ሰላም በሉልኝ ብላለች።

ደሴዋ_እናት | የካቲት 5፣ ከምሽቱ 3፡10

እህትህ መውጣቷን ሳነብ ሱቅ ውስጥ እልል አልኩ። ሰው ምን ሆነች አለኝ። የዘገየሁት የምነግራችሁ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ብርጭቆውን ይዛ ስትመጣ እጇን ያዝኩና አጠገቤ አስቀመጥኳት። የበፊቱን ፎቶዬን አሳየኋት፤ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ እሷ ራሷ ያጠለቀችልኝ ጊዜ የተነሳሁትን። «እማዬ፣ ያኔ ነበር የጠፋሁብሽ፤ አሁን እየመጣሁልሽ ነው» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ በምን ላክምሽ?» አለችኝ። ይሄን ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። ምግብ ለሷ መድኃኒት ነው፣ ሌላ መንገድ አታውቅም። የባቲዋ እህቴ ያለችኝ ትዝ አለኝና «ዶሮ በልኬ ቀቅይልኝ፣ ምስሩን ሳይወፍር ሥሪልኝ፣ ሰዓቴን አንቺ ጠብቂልኝ» አልኳት።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሰዓት ጠባቂዋ እሷ ናት። በማለዳ ሁለት እንቁላል ትቀቅላለች፣ አንዱን እኔ ሙሉውን፣ የሁለተኛውን ነጩን ብቻ። ረፋድ ላይ ሱቅ ድረስ በትንሽ ሳህን አይብ ታመጣልኛለች። የብረት ኪኒኑን ከቡናው ሸሽቶ ማታ ስተኛ ታስውጠኛለች፣ ካልሲየሙን ከምሳ ጋር። ምሳ በልቼ ውኃ ሳነሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ ታሳየኛለች።

ከጎረቤት ነጋዴዎቹ ለሁለቱ ነግሬያለሁ። አንደኛዋ ስትሰማ ያለችኝ «ለምን አብሬሽ አልሄድኩም?» ነው። እሷም ከባድ ናት፣ ጉልበቷ ይዟታል። አሁን ጠዋት ሱቅ ሳንከፍት ከፒያሳ ሰኞ ገበያ አብረን በእግር ደርሰን እንመለሳለን። ዳገቱ ላይ ሁለታችንም እናቃስታለን፣ ግን አልቆምም። ስኳሩን ወደ ግማሽ ማንኪያ አውርጄዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ መተው አልቻልኩም፣ እየተለማመድኩ ነው። ቆሎው ቡና ላይ አንድ ጭብጥ፣ ከዚያ ጣሳው ከእጄ ይራቃል።

ሐኪሜንም በስልክ አገኘሁት። ደሜ ታይቶ ብረቴ ዝቅ ብሏል፣ መጠኑን ጨመረልኝ። ለሁዳዴውም የዘንድሮውን አትጹሚ አለኝ። የንስሐ አባቴን ደግሞ እሑድ አገኛቸዋለሁ።

ሚዛኑ ዛሬ ጠዋት 90 ከ400 አለ። በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው የምመዘነው፤ በየቀኑ መመዘኑ ልቤን ያደክመው ነበር።

የሐይቁ አባታችን፣ ያሉትን ዓሣ ለመብላት በመጪው ቅዳሜ ሁዳዴ ሳይገባ ከእናቴና ከጎረቤቴ ጋር እመጣለሁ። ቆሮሶው የሚገኘው በጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?

የሐይቅ_ጎረቤት | የካቲት 6፣ ከጠዋቱ 1፡40

በጠዋት ነው ልጄ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ድረሱ። እናትሽን ይዘሽ መምጣትሽ ደስ ብሎኛል፤ ምራቴም ትጠብቅሻለች።